በገል ገለል

«የተሰበረ አለዎት?» አልኳቸው።

ሸክላ የሚሸጡት እማማ በደንብ የሰሙኝ አልመሰላቸውም። ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ማሰሮውን ሁሉ አልፌ የተሰበረ ስጠይቅ ማን ይሰማኛል?

«ምን ልታደርጊው?»

«ላስተምርበት።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ሳቋ አመለጣት። እማማ ግን አልሳቁም፤ ከኋላቸው ያለውን ጆንያ ፈቱ። አፉ የተነቀለ ጀበና፣ ለሁለት የተከፈለ ምጣድ፣ አህያ ላይ ሲመጡ የተሰነጠቁ ሦስት ድስቶች። ዋጋ ለመጥራት አፈሩ። የተሰበረ ሸጠው አያውቁማ። 50 ብር በግድ አስያዝኳቸው። ሲመርቁልኝ አንዲት ሰፋ ያለች ገል ለይተው «ይቺን ግን አትጣያት፣ ለዕጣን ትሆንሻለች» አሉኝ።

የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። ታሪክ፣ 9ኛ ክፍል። አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ጥንታዊ ግሪክን ያስተማርኩት እንደ አስቤዛ ዝርዝር ነው። ስፓርታ፣ ወታደር። አቴንስ፣ ዴሞክራሲ። ሶቅራጥስ የፕሌቶ መምህር፣ ፕሌቶ የአርስቶትል፣ አርስቶትል የእስክንድር። ልጆቹ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ፊደል ያከብባሉ፣ ክረምት ሲገባ ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ እነሱ በሁለቱ መሃል ይተኛሉ።

እኔንም ተኝቼ ነበርና የቀሰቀሰኝ አንድ የኋላ ወንበር ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት። «ቲቸር፣ ሕዝቡ ነው የሚያስተዳድረው ብለዋል። እሺ፣ አንድ ሰው ጉልበቱ እየበዛ ሄዶ ሕዝቡ ቢፈራው ምን ያደርጉታል?»

«አይመርጡትም።»

«ሳይመረጥም ቢፈሩትስ?»

ደወል አዳነኝ። መልሱን አውቀው ነበር እኮ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ግን ለአንድም ልጅ ነግሬ አላውቅም ነበር።

መልሱ ገል ነው። አቴናውያን በዓመት አንድ ጊዜ በጉባኤያቸው «ዘንድሮ ሰው እናስወጣ ወይ?» ተብለው ይጠየቃሉ። አዎ ካሉ ሌላ ቀን ይቀጠርና ሁሉም የሸክላ ስባሪ ይዞ አጎራ ወደሚሉት የገበያ አደባባይ ይመጣል። ስባሪው ላይ የአንድ ሰው ስም ይጭራል። ቢያንስ 6,000 ገል ከተሰበሰበ፣ ስሙ የበዛበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ከተማዋን ለቅቆ ይወጣል። ለ10 ዓመት አይመለስም። ክስ የለም። ምስክር የለም። የመከላከያ ንግግር የለም። ንብረቱ ግን አይወረስም፣ ዜግነቱም እንዳለ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ቤቱ ይገባል። ይህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ487 ነው። ገል በግሪክኛ ኦስትራኮን ይባላል፤ ኦስትራሲዝም የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው።

ዘንድሮ ይህን ስናገር አንዷ ከመሃል «በገል ገለል!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጎጃም ነውና ቅኔ አይጠፋም። እኔም ወዲያው ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከመጽሐፉ ትርጉም ይሻላል።

እንግዲህ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር።

58 ተማሪዎች አሉኝ። ገሎቹን በመዶሻ አሳንሼ አደልኳቸው። «የማንንም ስም በምስማር ጻፉ» አልኩ። ብዙ ድምፅ ያገኘ ለአንድ ሳምንት የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ጨዋታ ነው ብዬ ነው። እኔን ይጽፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ጓጉቼ ነበር ማለት ይቻላል።

31 ገል ላይ የተጻፈው የክፍል አለቃዋ ስም ነው።

ልጅቷ ጎበዝ ናት። መምህር ሲቀር የረባሾችን ስም የምትጽፈው እሷ ናት። ስም ስትጽፍ የኖረች ልጅ ስሟ ተጻፈ። ሳነብ ሳነብ መጀመሪያ ፈገግ ትል ነበር። አሥረኛው ላይ ፈገግታው ጠፋ። ሃያኛው ላይ ማንበቤን ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም። ቦርሳዋን አንስታ፣ ማንም ሳያዛት፣ የመጨረሻው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስታለቅስ አገኘኋት። ማታ እናቷ ደወሉልኝ። «ልጄን ምን አድርጋ ነው ያስፈረዳችሁባት?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አቴናውያን ገል የሚጥሉት ጦር አዝማችና ባለጸጋ ላይ ነበር። እኔ 15 ዓመት ልጅ ላይ አስጣልኩ።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ገሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። (ጠረጴዛ ራሱ ትራፔዛ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የተቀመጡበትን ዴስክ እንደ አዲስ ያዩታል።) ለምን እንደዘረገፍኳቸው አላውቅም። ምናልባት ማን እንደጻፈ ልለይና ልቆጣ ፈልጌ ይሆናል። የስልኬን መብራት ከጎን ሳበራበት ጭረቱ ጥርት ብሎ ታየ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። 31ዱን ደጋግሜ አየሁ። 12ቱ የአንድ እጅ ጽሕፈት ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል እግሩ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መጨረሻው ላይ ምስማሩ ይንሸራተታል። አሥራ ሁለቱም ላይ።

የግሪክን ታሪክ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ ትዝ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 አቴንስ ውስጥ፣ ከአክሮፖሊስ ኮረብታ በስተ ሰሜን፣ ቆፋሪዎች አንድ የጥንት የውሃ ጉድጓድ ውስጥ 190 ገል አገኙ። ሁሉም ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ቴሚስቶክሊስ። በሳላሚስ የባሕር ጦርነት ፋርሶችን ያሸነፈበትን ስልት የነደፈው ሰው። ጽሕፈቱ ሲመረመር 190ውን የጻፉት 14 እጆች ብቻ ሆነው ተገኙ።

በማግስቱ ገሎቹን በባልዲ ይዤ ገባሁ። ስለ ጉድጓዱ ምንም አልተናገርኩም። 12ቱን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ፊት ወንበር ላይ ደረደርኩና በቡድን እየመጡ እንዲያዩ አደረግኩ። «ምን ታያላችሁ?» ብቻ ነው ያልኩት። መጀመሪያ ያዩት ቀለሙን ነው። ይሄ ምጣድ ነው፣ ይሄ ጀበና ነው፣ ይሄ ጥላሸት አለበት። ሦስተኛው ቡድን ላይ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሁለት ገል አንስቶ ጎን ለጎን ያዛቸው። «ይሄንና ይሄን የጻፈው አንድ ሰው ነው።» ከዚያ ሦስተኛ አገኘ። አራተኛ። ክፍሉ ተነሳ። «ተጭበርብሯል! ቲቸር፣ ተጭበርብሯል!» በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ጥንታዊ ግሪክ እንዲህ የተጮኸበት ቀን አላስታውስም።

ጸሐፊው ራሱ ተነሳ። አላቅማማም። «እኔ ነኝ። ምስማር አምጡ ተብሎ ያመጣነው ሰባት ልጆች ነን። የኛ ረድፍ ምስማር የለውም። ጻፍልን አሉኝ፣ ጻፍኩላቸው።»

እውነቱን ነው። ምስማር አምጡ ብዬ ነበር፤ ያመጡት ሰባት ናቸው።

«ግን የማንን ስም እንድትጽፍ ነገሩህ?» አለው ዝምተኛው ልጅ።

እዚህ ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። አንዳንዶቹ አዎ፣ እሷን ጻፍ ብዬዋለሁ አሉ። ሁለቱ «ማንን ልጻፍ ሲለኝ፣ ሰው የጻፈውን ጻፍ አልኩት» አሉ። አንዱ ምንም እንዳላለ፣ ገሉ ተጽፎ እንደተሰጠው ተናገረ። ስለዚህ ማጭበርበር ነው ወይስ የምስማር እጥረት? አርባ ደቂቃው በዚህ አለቀ። ስለ አቴንሱ ጉድጓድ የነገርኳቸው ደወል ሊደወል ሲል ነው። ስለ 190ውም የተመራማሪዎቹ ግምት ያው የእነሱ ዓይነት ነው። የቴሚስቶክሊስ ጠላቶች አስቀድመው ጽፈው ለማደል ያዘጋጁት ነው የሚል አለ። መጻፍ ለማይችል ሰው የተሰናዳ አገልግሎት ነው የሚልም አለ። «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለች አንዷ፣ ወደ ባለ ምስማሩ እያየች።

የአቴንሱን መሪ የአሪስቲዲስን ታሪክ ያስቀመጥኩት ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው የሚያወራው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አንድ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ አሪስቲዲስን ሳያውቀው ጠጋ ብሎ ገሉን ይሰጠዋል። «አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ።» «ምን በደለህ?» «ምንም። አላውቀውም እንኳ። በሄድኩበት ሁሉ ጻድቁ፣ ጻድቁ ሲሉት ሰለቸኝ።» አሪስቲዲስ ምንም ሳይል የራሱን ስም ጻፈለት ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ482 ተባረረ። ግን አሥር ዓመቱን አልጨረሰም። ፋርሶች ሲመጡ ለአገር ተፈልጎ ተጠራ። አለቃዋ ይህን ስትሰማ ከኋላ ወንበር ሆና ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ፊቷን ላለማየት ሰሌዳ ስጠርግ ነበር። ቅጣቱን በዚያው ቀን አንስቼላት ነበር። እሷ ግን ወደ ፊት አልመጣም አለች። ሳምንቱን ጨረሰችው።

ልጆቹ ይበልጥ የወደዱት ሌላ ነገር ነው። በኬራሜይኮስ፣ ማለት በአቴንስ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ገሎች ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ ከስም ሌላ ስድብም አለ። ኪሞን የተባለውን ጦር አዝማች «ኤልፒኒኬን ይዘህ ውጣ» ያለ አለ፤ ኤልፒኒኬ እህቱ ናት። ሰው ትቶ «ረሃብ» ብሎ የጻፈም ተገኝቷል። ረሃብ ይባረር! ይህን ስናገር ከኛዎቹ ገሎች አንዱ ላይ «ሂሳብ» ብሎ የጻፈው ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳ።

«ሴቶቹስ ቲቸር?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሁልጊዜም ከሴት ልጅ ነው። ድሮ «አይሳተፉም ነበር» ብዬ አልፈው ነበር። ዘንድሮ ሴቶቹን በሙሉ እስክርቢቶ አስቀምጡ አልኳቸው። ከዚያ ከወንዶቹ እናትና አባታቸው ሁለቱም ደብረ ማርቆስ ያልተወለዱትን እንዲሁ አልኩ። የአቴንሱ መሪ ፔሪክሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ያስወጣው ሕግ ሁለቱም ወላጆች አቴናውያን ካልሆኑ ልጁን ዜጋ አይለውም። ከ58 ልጆች እስክርቢቶ የያዙ 9 ቀሩ። ከዘጠኙ አንዱ «እኛ ብቻ ነን እንግዲህ ዴሞክራሲ?» አለ። ባሮችም ነበሩ አልኳቸው፣ ብዙ። የባሪያን ድርሻ ግን ለማንም ልጅ አልሰጠሁም። አንዳንድ ቃል እኛ አገር ገና አልበረደም። ይህን ለመምህራን ጓደኞቼም እነግራቸዋለሁ፤ ሁሉም ነገር በተውኔት አይሠራም።

ዕጣ ላይ ግን ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የአቴንስ ምክር ቤት 500 ሰው ነው፣ ከአሥሩ ነገድ ሃምሳ ሃምሳ፣ የሚመረጡትም በዕጣ ነው። አርስቶትል ሹመት በዕጣ ሲሆን የዴሞክራሲ፣ በምርጫ ሲሆን የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ ነው ይላል። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ እዚህ ይደነቃል። የኔ ልጆች «እንደ ዕቁብ ነው በሉና» ብለው አለፉት። እናቶቻቸው ዕጣ የማይጭበረበር ዳኛ መሆኑን አስተምረዋቸዋል።

አንድ ልጅ አለ፣ አብነት ትምህርት ቤት ቆይቶ ዘግይቶ አስኳላ የገባ። ከሌሎቹ በዕድሜ ይበልጣል። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ተከተለኝ። «ቲቸር፣ ፕሌቶ የሚሉት አፍላጦንን ነው እንዴ?» ቆምኩ። «አርስጣጣሊስስ አርስቶትል ነው?» ነው አልኩት። ከየኔታው ሰምቷል። መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ የሶቅራጥስም የአፍላጦንም ነው የተባለ አባባል ይዞ መጥቷል። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ፕሌቶ የሚባል ፈረንጅ ሲማር፣ የሚያውቀው ሰው መሆኑን የነገረው የለም። እኔም ጭምር አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ግሪክን የምጀምረው ከቁጥር ነው። ፩ን ሰሌዳ ላይ እጽፍና አጠገቡ የግሪኩን አልፋ አደርጋለሁ፣ ከ፪ አጠገብ ቤታን፣ ከ፲ አጠገብ ኢዮታን። የግእዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው። ወንጌል፣ ዲያቆን፣ ስንክሳር፣ ቀኖና፣ ሁሉም ግሪክኛ ነው። ጳጉሜም እንዲሁ፤ «የተጨመሩ» ማለት ነው። ይህ ከባድ መሳሪያ ነው፣ ልጆቹን በአንድ ጊዜ ያነቃል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየዓመቱ አንዱ «ሆሜር ስለ ኢትዮጵያ ጽፏል» ብሎ ይፎክራል። ጽፏል። አማልክቱ ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ይሄዳሉ ይላል። ነገር ግን ግሪኮች በዚያ ቃል ይጠሩ የነበሩት ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ያሏቸውን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያሉ ሕዝቦች ሁሉ ነው እንጂ ደብረ ማርቆስን አልነበረም። ልጆቹ ትንሽ ይከፋቸዋል። ያኔ ዒዛናን አመጣለሁ። አክሱም ላይ በግሪክኛም አስቀርጾ ያቆመውን ድንጋይ። እሱን ማንም አይወስድብንም።

የሶቅራጥስን ፍርድ ለመጨረሻው ሳምንት ነው ያስቀመጥኩት። በገሉ ከደረሰው በኋላ ልተወው ነበር። አለቃዋ ናት ያላስተወችኝ። ከሳሽ ማን ይሁን ስል እጇን አወጣች። ሜሊጦስን ሆነች። የክሱን ወረቀት ሰጠኋት፤ የከተማውን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችን ያበላሻል። ወረቀቱን አጠፈችና በራሷ ቃል ተናገረች። «ይህ ሰው ረባሽ ነው። ገበያ መሃል ሰው ያስቆማል። ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ ግን የለውም። እሱ ራሱ ፈረስ እንደሚነክስ ዝንብ ነኝ ብሏል። ስሙ ይጻፍ።» ክፍሉ አጨበጨበላት። ሶቅራጥስ የሆነው የአብነቱ ልጅ ነበር፤ ምን ቅጣት ይገባሃል ሲባል እንደ እውነተኛው ሶቅራጥስ በመንግሥት ወጪ ምሳ ይሰጠኝ አለ። ባቄላ ለጥፋተኛ፣ አተር ለነጻ። በአቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ድምፁ 280 ለ221 እንደነበር ከፕሌቶ ጽሑፍ ተነስተው ያሰላሉ። በኛ ክፍል 33 ባቄላ፣ 25 አተር። አለቃዋ አሸነፈች። የዚያን ቀን ማንም ምስማር አላስፈለገውም፤ ባቄላው የተጣለው እጅ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። እሷ ናት ጨርቁን ከቤት ያመጣችው።

የገሎቹ ባልዲ አሁንም መምህራን ክፍል፣ ጠመኔ ካርቶኑ አጠገብ ነው። ጽዳት የሚሠሩት እናት ሁለት ጊዜ ሊደፉት ነበር። ባለፈው ዓርብ አለቃዋ መጥታ «ቲቸር፣ ገሎቹን ልያቸው?» አለችኝ። ስሟ ያለባቸውን 31ዱን አንድ በአንድ አወጣች። የባለ ምስማሩን 12 ወደ ጎን አደረገቻቸው። ከቀሩት አንዱን፣ የጀበና አንገት የሆነውን፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ስሟ የሚጻፈው በ«ሐ» ነው። እዚያ ላይ በ«ሃ» ተጽፏል፣ መሃል ላይም አንድ ፊደል ተዘሏል።

«ይቺን ልውሰዳት?»

«ለምን እሷን?»

«ይሄኛው ራሱ ነው የጻፈው» አለች። የማን እጅ እንደሆነ ያወቀች ይመስለኛል። ጠየቅኳት፣ አልነገረችኝም። በሶፍት ጠቀለለቻትና የእስክርቢቶ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።